በነፃነት መልሰዋል?

ሰው በሩን አንኳኩቶ ለገባ ሁሉ እውነቱን የመንገር ግዴታ የለበትም። መርፌ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታምናለች። ስለዚህ ያ ረጅም ልጅ ታብሌቱን ታቅፎ ደጃፋቸው ላይ ሲቆም መጀመሪያ የተዘጋጀው ውሸቷ ነበር። ፍቅሩ በኋላ ነው የመጣው፤ እሱም ሳይጠራ።

መርፌ ስሟ አይደለም። በጫማ ሰሪዎቹ መንገድ ላይ በስሙ የሚጠራ ሰው የለም። እሷ የአባቷ ሱቅ በር አጠገብ፣ በስፌት መኪና ላይ ተደፍታ የጫማ ቆዳ ስትሰፋ ትውላለች፤ ምላሷም ይወጋል። «መርፌ» አሏት፣ በዚያው ቀረች። አባቷን «አንጋፋው» ይሉታል፤ በመንገዱ ላይ ከእሱ ቀድሞ ወስፌ የጨበጠ በሕይወት ስለሌለ ነው። ግድግዳ የሚጋራቸው ጎረቤት ዳቦ ጋጋሪው ነው። የአንጋፋው የልብ ጓደኛ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አንዱ ሌላውን ሳይሰድብ ሥራ አይጀምርም።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። ማስቲሽ ሲሸት ይውላል፣ የትኩስ ዳቦ ሽታም ይቀላቀልበታል፤ ሁለቱ አብረው ደስ አይሉም፣ ግን ይለመዳሉ። ከንቲባው ይህን መንገድ ከነቤቱ አፍርሶ ለመኪና ሊያሰፋው ቆርጦ ተነስቷል። በመጪው ምርጫ ከእሱ ጋር የምትወዳደረው ጡረታ የወጣች መምህር ደግሞ «እኔ ካሸነፍኩ አንዲት ጡብ አትነካም» ብላለች። የአንጋፋው ሱቅ፣ ከሱቁ በላይ ያለው ቤት፣ መርፌ የተወለደችበት ክፍል፣ ሁሉም በዚያ ምርጫ ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል።

«ታዲያ ለምን እውነቱን አይናገሩም?» የሚለኝ ሰው ካለ ቆዳ ሻጩን አያውቀውም ማለት ነው። ቆዳ ሻጩ ባለፈው ምርጫ ሰሞን እንዲህ ያለ ጠያቂ መጥቶበት አፉን ሞልቶ «ከንቲባውን? ሞቼ ነው!» አለ። ብዙም ሳይቆይ የንግድ ፈቃዱ አልታደስም ተባለ። በጠያቂው ይሁን በሌላ ነገር እስከ ዛሬ ያጣራ የለም። ማን ያጣራል? ሱቁ ተዘጋ፣ ሰውየው ሄደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ስለ ምርጫ ለጠየቀ ሁሉ መልሱ አንድ ሆነ።

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጤና ይስጥልኝ። የሕዝብ አስተያየት እያሰባሰብን ነበር። ጥቂት ደቂቃ ይኖርዎታል?»

መርፌ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። «ማንን ነው ‹ይኖርዎታል› የምትለው? ከኋላዬ አሮጊት ቆማለች እንዴ?»

«አይ... መጠይቁ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«መጠይቁ ጨዋ ነው። ሻይ ይጠጣል?»

ከውስጥ የአንጋፋው ሳቅ ተሰማ። «አንቺ! ልጁን ተይው፣ ሥራውን ይሥራበት!»

ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከቤቱ አዋቂዎች አንዱን በዕጣ የሚመርጠው ታብሌቱ ነው ብሎ አስረዳ፤ ዕጣው መርፌ ላይ ወጣ። ምርጫው እስኪደርስ በየወሩ እየመጣ ያንኑ ሰው ያንኑ ጥያቄ እንደሚጠይቅም ነገራት። «ኧረ እሰይ፣ ጓደኛ አገኘሁ» አለች።

ጥያቄው ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ትራንስፖርት ጀመረ። መርፌ በሁሉም ላይ እየቀለደች መለሰች። ከዚያ ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምርጫው ዛሬ ቢሆን ድምፅዎን ለማን ይሰጣሉ?»

የስፌት መኪናው ቆመ። መርፌ በመስኮቱ ወደ መንገዱ አየች።

«ለከንቲባው» አለች።

«ምክንያትዎ?»

«ልማት።»

ልጁ ዓይኑን ከታብሌቱ አነሳ። የሰው ዓይን እንዲህ ሲያያት ብዙ ጊዜ «ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ?» ነበር የምትለው፤ ያን ቀን ግን ቃሉ አልመጣላትም። ያዘነላት መሰላት። ማዘኑ አናደዳት፤ ግን ደግሞ ዓይኑን ሲመልስ ቅር አላት። እንግዲህ የሰው ልብ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ልጁ የመጨረሻውን ጥያቄ ሳያነብ ጣቱን ታብሌቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ።

«እሱ ምንድን ነው? ለእኔ ያላነበብከው?»

«ይሄ የሚጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ምን ይላል?»

«‹መላሹ በነፃነት መልሰዋል?› ይላል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ‹አዎ› በላ! አፌን ማን ያዘው?»

ልጁ «አዎ»ን ነካ። ሊሄድ ሲነሳ አንጋፋው ከውስጥ ወጥቶ እግሩን አየው። የቀኝ ጫማው ሶል ከፊት ተላቆ አፉን ከፍቷል።

«በዚህ ነው ከተማውን የምትዞረው?» አለው። «አውልቅ። አውልቅ እንጂ፣ ምን ታፍራለህ? እኔ ስንቱን እግር አይቻለሁ!»

*

ጫማውን ሊወስድ መጣ። ከሳምንት በኋላ ሌላ ጫማ ይዞ መጣ፤ የሥራ ባልደረባው ነው አለ። ቀጥሎ የአከራዩን ጫማ አመጣ፣ ተረከዙ ላይ ትንሽ ተጭሯል ብሎ።

«ለመሆኑ ስንት እግር ነው ያለህ?» አለችው መርፌ።

«እግሬ ሁለት ነው። ሰበቡ ግን እያለቀብኝ ነው።»

ክር ልትቆርጥ ጎንበስ አለች፤ ክሩ ቀድሞ ተቆርጦ ነበር። አንጋፋው ከውስጥ ሁሉንም ሰምቶ ሶል መደብደቡን ጨመረ፣ እንዳልሰማ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጠያቂው (በመንገዱ ላይ እንዲህ ነበር የሚጠራው) ሱቅ ሲዘጋ ጠብቆ አብሯት እስከ ድልድዩ ይሄድ ጀመር። ድልድዩ ላይ የተሰነጠቀ የድንጋይ መቀመጫ አለ። እዚያ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሰው ጫማ እያዩ ማን ምን እንደሚሠራ ይገምታሉ፤ እሷ ሁልጊዜ ታሸንፋለች፣ እሱ ሁልጊዜ ይከራከራል። እጇ ላይ ማስቲሽ አለ፣ ልብስህን እንዳላበላሽብህ ትለዋለች። ይበላሽ ይላታል።

አንድ ቀን «አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ያለ ታብሌት» አላት።

«ያለ ታብሌት ከሆነ እውነቱን ልነግርህ እችላለሁ። ተጠንቀቅ።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«መች?»

«ለከንቲባው ነው ድምፄን የምሰጠው ስትዪ። ቤታችሁን ሊያፈርስ ለመጣ ሰው?»

መርፌ ሳቋ ጠፋ። «ስማኝ። ደጄን አንኳኩተህ ገባህ። ማን እንደሆንክ አላውቅም፣ ማን እንደላከህ አላውቅም። ለማላውቀው ሰው ሣጥኔን ከፍቼ አላሳይም፤ ሆዴንም አላሳይም። ይሄ ውሸት አይደለም፣ በር መዝጋት ነው።»

«በር መዝጋትማ ‹አልመልስም› ማለት ነው። እሱም መጠይቁ ላይ አለ፤ መብትሽ ነው።»

«‹አልመልስም› ያለ ሰው ምን ሊመልስ እንደነበር ለማን ይጠፋዋል? እኛ ጋ ዝምታም ይነበባል የኔ ጌታ።»

«ግን ውሸቱን የምትነግሪው ለእኔ አይደለም እኮ። የአንቺና የሌላው ተደምሮ ቁጥር ይሆናል። ቁጥሩ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ያኔ ለከተማው ሁሉ ዋሸሽ ማለት ነው።»

«ጋዜጣ አንብቦ ሆዱን የሚቀይር ሰው ድሮም ሆድ የለውም።»

ሳቀ። መሳቁ ደስ አላት፤ የረታችው መሰላት። ከዚያ ግን እጇን ከነማስቲሹ ያዘ።

«ለታብሌቱ የፈለግሽውን በዪ» አላት። «ለእኔ ግን አትዋሺኝ።»

«ለአንተ አልዋሽም» አለችው። ከልቧ ነበር። እወደዋለሁ የሚለውን ያን ቀን ለራሷ አመነች፤ ቤት ስትገባ አባቷ «ምን ሆነሻል? ፊትሽ በርቷል» ቢላት «ነፋስ ነው» አለችው። ይኸው፣ ለአባቷ ዋሸች።

*

ሁለተኛው ወር ደረሰ፣ መጣ፣ ጠየቀ። «ለከንቲባው» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። «ምክንያትዎ?» ሲላት ሁለቱም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሦስተኛው ወር ላይ ግን አልሳቀም። የመጨረሻዋን ጥያቄ ለራሱ መለሰ፣ ታብሌቱን ከደነ፣ «ማታ ድልድዩ ላይ» ብሏት ወጣ።

ድልድዩ ላይ ስትደርስ ቆሞ ነበር።

«ሁሉም ነው» አላት።

«ምኑ?»

«ሁሉም ነው የሚዋሸው። ከዳቦ ጋጋሪው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሱቅ። አፋቸው ‹ከንቲባው› ይላል፣ ዓይናቸው በሩን ያያል። አንዷማ መልሳልኝ ስታበቃ አለቀሰች። እያንዳንዱ የሚዋሸው እሱ ብቻ ይመስለዋል። መንገዱ ሁሉ አንድ ልብ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

መርፌ መቀመጫው ላይ ቁጭ አለች። ዳቦ ጋጋሪው በየጠዋቱ «ከንቲባችን ጎበዝ ነው» እያለ ጮክ ብሎ ሲያወራ ታስታውሳለች። ከልቡ መስሏት ነበር።

«ታዲያ ‹በነፃነት አልመለሱም› አላልክም?»

«አላልኩም። ለማንም።»

«ለምን?»

«አንቺ ላይ ብጽፈው መልሱ የማን እጅ እንደሚገባ አላውቅም። የቆዳ ሻጩን ነገር ራስሽ ነግረሽኛል። አንቺ ላይ ካልጻፍኩ ደግሞ በምን ዓይኔ ሌላው ላይ እጽፋለሁ?» ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «አንቺን ላድን ብዬ ነው መርፌ። አሁን ግን ምን እንደሠራሁ አላውቅም።»

ከድልድዩ ሥር ውሃው የፕላስቲክ ጠርሙስ እየገፋ ያልፋል።

«ለአባዬ ልንገረው?» አለች በመጨረሻ። «እሱ ለዳቦ ጋጋሪው ቢነግረው፣ እሱ ደግሞ ለሌላው...»

«የአንዱን መልስ ለሌላው ማውጣት ክልክል ነው። ከታወቀ ያባርሩኛል፤ ሊከሱኝም ይችላሉ። ቢሆንም ንገሪው ካልሽ ንገሪው። እኔ አልከለክልሽም።»

ይህን ሲል አገጩ ይንቀጠቀጥ ነበር። መርፌን አሳዘናት። እጇን አፉ ላይ አደረገች።

«አልነግረውም። ዝም አይነቅዝም» አለችው።

ተረት አንዳንዴ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ባይታወስ ጥሩ ነበር።

*

ጋዜጣው የወጣው ምርጫው ሊደርስ ሲል ነው። «በጫማ ሰሪዎቹ መንገድ ከአምስት ነዋሪ አራቱ ከንቲባውን ይደግፋሉ» ይላል፣ በትልቁ። ዳቦ ጋጋሪው ጋዜጣውን ይዞ ወጣ፤ አንጋፋው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«ከአምስት አራት!»

«አዎ።»

«እንግዲህ ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው።»

ሁለቱም ገቡ። በዚያን ቀን አልተሳደቡም። በማግሥቱም አልተሳደቡም። አንጋፋው ጫማ የሚቀርጽበትን የእንጨት ፎርማ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ መርፌን ጠራት።

«ሰማሽ? ዳቦ ጋጋሪው ሸጦናል። ሁሉም ሸጠውናል! እኛ ቤት አንቺ ለይምሰል ነው ያልሽው፤ እነሱ ግን ከልባቸው ነው። ስንት ዓመት ዳቦውን በላሁ!»

«አባዬ፣ እነሱም ለይምሰል ቢሆንስ?»

«ሁሉም? ከአምስት አራት ሰው ለይምሰል? አንቺ ደግሞ!»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። የጠያቂው አገጭ ትዝ አላት፤ ዋጠችው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ የሚያውቅ ካለ ይፍረድባት።

መንገዱ ተቀየረ። ሰው ከሰው ጋር መነጋገር ፈራ። ጫማ የሚያሠሩት ከሩቅ የመጡ ደንበኞች እንኳ «ምነው ዛሬ ሰው ሞቷል እንዴ?» ይላሉ። መምህሯ በመንገዱ ራስ ላይ ልታደርገው የነበረውን ስብሰባ ሰረዘች፤ «እዚያ አይፈልጉንም» ብለው ሰዎቿ መከሯት አሉ። በሌላውም ሰፈር ደጋፊዋ የነበረ ሁሉ «ቤቱ የሚፈርስበት ሰው ራሱ ከደገፈው እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለ።

በምርጫው ቀን መርፌ ለባብሳ አባቷን ጠበቀችው። አንጋፋው ፒጃማውን አላወለቀም።

«ሂጂ አንቺ። እኔ ከእነዚያ ጋር አልሰለፍም። ባለቀ ነገር ምን ያቆመኛል?»

«አባዬ፣ ስለ እግዜር ብለህ ተነስ! አንድ ድምፅ ነው!»

«አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል?»

ብትለምነውም እንቢ አላት። ብቻዋን ሄደች፣ ለመምህሯ ድምፅ ሰጠች። ከመንገዳቸው የመጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ዳቦ ጋጋሪውም አልመጣም።

ከንቲባው ያሸነፈው በጥቂት ድምፅ ብልጫ ነው። በድሉ ንግግር ላይ ስለ መንገዱ ተጠይቆ፣ «ሕዝቡ ራሱ ነው አፍርስልን ያለኝ፤ ጥናቱን አይታችኋል» አለ። ዋሸ ለማለት እንኳ አይመችም።

ሊያፈርሱ የመጡት ጠዋት ነው። አንጋፋው ፎርማዎቹን በጆንያ ሞልቶ መንገዱ ማዶ ቆሟል። ማሽኑ የዳቦ ጋጋሪውን ግድግዳ ሲገፋው ሁለቱ ቤቶች አብረው ወረዱ፤ ግድግዳቸው አንድ ነው ብያችኋለሁ። ያኔ ዳቦ ጋጋሪው ራሱን ይዞ ጮኸ።

«እኔ እኮ ለዚያ ልጅ የዋሸሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር! እናንተ ሁላችሁ ከልባችሁ መስሎኝ ነው ሳልመርጥ የቀረሁት!»

ሰዎች ዞረው አዩት። አንዱ «እኔም» አለ። ሌላዋ አፏን ያዘች፣ «እኔም!»። አንጋፋው ጆንያው ከእጁ ወደቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ያን ቀን መንገድ ሙሉ ሰው ነው የጮኸው፣ ማሽኑ ግን ድምፃቸውን ዋጠው። ዳቦ ጋጋሪውን የገዛ ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ወሰደው። ሁለቱ ጓደኛሞች ተቃቅፈው ተላቀሱ እንጂ ብዙ አልተነጋገሩም፤ ከዚያ በኋላም አልተገናኙም።

*

የተሰጣቸው ቤት ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጫማ ሊያስጠግን አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው የለም። አንጋፋው ፎርማዎቹን አልጋው ሥር አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ይቀመጣል። መርፌ ለአንድ ፋብሪካ ቦርሳ እየሰፋች ታኖረዋለች። ማታ ማታ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው።

«ያ ልጅ በየቤታችን ገብቷል። ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? ይቺን ብቻ ብሰማ ደስ ይለኛል።»

«እኔ ምን አውቃለሁ አባዬ» ትለዋለች።

ጠያቂው ሥራውን ትቶ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተቆጣጣሪ ሆኗል። ድልድዩ ሩቅ ስለሆነ የሚገናኙት አውቶቡስ ማቆሚያ ነው። ከስቷል። እሷም ከስታለች። አንድ እሑድ እጇን ይዞ፣ «አባትሽን ልጠይቅ። እንጋባ» አላት። አልቅሳ እሺ አለችው። ከዚያ ደረጃው ሥር ሲደርሱ ጃኬቱን ያዘች።

«የሚጠይቅህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«‹አላውቅም ነበር› በለው።»

ልጁ ወደ ደረጃው ዞረ።

«ስማኝ እንጂ! ይወድሃል። ይቅር ሊልህ ሰበብ ነው ያጣው፤ ሰበቡን ስጠው። አንድ ቃል ናት!»

«እንዲህ እንዲህ ብለን አይደል እዚህ የደረስነው? ሁላችንም አንድ አንድ ቃል።»

«የፈረሰ ቤት በእውነት አይቆምም።»

«አንቺን ለማግኘት ዋሽቼው፣ ዕድሜ ልኬን በገበታው እየተቀመጥኩ ዓይኑን ልየው?»

«ስለ እኔ ብለህ» አለችው። «አንዴ ብቻ። ስለ እኔ።»

ግንባሯን ሳማት። ምን ሊል እንደወሰነ አልነገራትም።

አንጋፋው ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃቸው፤ ሁሉም ነገር ገብቶታል። «ና ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ» አለው። መርፌ ሻይ ልትቀዳ ዞረች። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ጀርባዋን ብታዞርም ሁሉንም ትሰማለች።

«የመጣህበትን አውቃለሁ» አለ አንጋፋው። «ጥሩ ልጅ ነህ። ልጄም ትወድሃለች፤ ዓይኔ ቢደክምም ይሄን አያለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ።»

«ይጠይቁኝ ጋሼ።»

«በየቤቱ ገብተሃል። የሁላችንንም አፍ ሰምተሃል። ሁላችንም እየዋሸን እንደነበር ታውቅ ነበር?»

መርፌ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ዞር አለች። ልጁ እያያት ነበር። ራሷን በቀስታ ነቀነቀች፤ አትበለው፣ አትበለው።

«አውቅ ነበር ጋሼ» አለ።

አንጋፋው እጁን እጁ ላይ ደረበ።

«ዳቦ ጋጋሪውም?»

«እሱም።»

«እኔ ጓደኛዬን አኩርፌ ስቀመጥ፣ አንተ በራችን ላይ ቆመህ ታውቅ ነበር?»

«አዎ። ፈራሁ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ አልልም። እርስዎን ግን አልዋሽዎትም።»

ከታችኛው ፎቅ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ከዚያ አንጋፋው ቀስ ብሎ ዞረ፣ ወንበሩ ጮኸ፤ ልጁን ትቶ ሴት ልጁን አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ፍርሃት ነው ያለው። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሲፈራ አይታ አታውቅም።

«አንቺስ?» አላት። «ነግሮሽ ነበር?»

መርፌ ለመናገር አፏን ከፈተች። እውነቱ እዚያው ነበር፣ ቅርብ፤ አጠገቧ ያለው ሰው አሁን ሲናገረው አይታለች፣ ሰማይ አልወደቀም። አባቷ ግን እያያት ነው። ቤቱን አጣ፣ ሱቁን አጣ፣ ጓደኛውን አጣ። አሁን ደግሞ «አዎ» ብትለው ምን ይቀረዋል?

«አልነገረኝም አባዬ» አለች። «አላውቅም ነበር።»

ጠያቂው ራሱን ዝቅ አደረገ።

«እውነቷን ነው?» አለው አንጋፋው።

ልጁ ቀና ብሎ መርፌን አየ። መጀመሪያ ቀን ያያት እንደዚያ ነበር፣ እያዘነላት።

«እውነቷን ነው ጋሼ» አለ። «ለማንም አልተናገርኩም።»

አንጋፋው በረጅሙ ተነፈሰ። «ክፉ አልመኝልህም» አለው። «እውነቱን ስለነገርከኝም እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን ግን አልሰጥህም። ሂድ፣ ልጄ።»

ደረጃው ላይ ደረሰችበት። እጅጌውን ያዘች።

«እሱ ማንም የለውም» አለችው በመጨረሻ። «ካንተ ቀጥሎ እኔንም ቢጠላ...»

«ገብቶኛል።»

«ተቆጥተሃል?»

«አይ። እወድሻለሁ። ግን አሁን እኔና አንቺ እሱ ፊት አንድ ውሸት አለን። በመጣሁ ቁጥር መድገም አለብን። እኔ አልችልም መርፌ። አንቺም አትችዪም፣ የምትችዪ ይመስልሻል እንጂ።»

«ቆይ። ከጊዜ በኋላ...»

«ከጊዜ በኋላም ይኸው ነው።»

እጇን ከእጅጌው ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ያዘው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አየ፣ ለቀቀው። ሲወርድ እያንዳንዱን ፎቅ ሰማችው። ሦስተኛው ላይ ቆም ያለ መሰላት። ከዚያ ቀጠለ። የታችኛው በር ሲዘጋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች፤ አባቷ እንዳይሰማ ልብሷን ነክሳ።

አላገባችም። እሱ አግብቶ እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ አልጠየቀችም፤ የሚጠየቅ ሰውም አልነበራትም። አንጋፋው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። እየደከመ ሲሄድ ጨዋታው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል። ማታ ማታ እሷ ቦርሳዋን ስትሰፋ ከመስኮቱ ዞር ብሎ ያያታል፣ ፊቱ ይፈታል።

«ከዚያ ሁሉ ሰው» ይላታል፣ «ጓደኛዬ፣ ጎረቤቱ፣ ያ ልጅ... ከዚያ ሁሉ ሰው ያልዋሸሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ እኮ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

መርፌ መኪናዋን ታቆማለች።

«ሻይህ ቀዘቀዘ አባዬ» ትለዋለች። «ጠጣ።»